ሁሉም ሲሻሩ ያልተነኩት ሚኒስትር፦ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መቻል)

ረመዳን የሒሳብ ወርም ነው። ብዙ ነጋዴዎች የዓመቱን ሀብታቸውን ቆጥረው ዘካቸውን የሚያወጡት በዚህ ወር ነው። አባወራው ዒድ ሲቃረብ በቤቱ ላሉት ሁሉ ዘካተል ፊጥር ይሰፍራል። እያንዳንዱም ሰው ከፈጣሪው ፊት ከመቆሙ በፊት ራሱን ይተሳሰባል። የዛሬው ታሪካችንም ስለ ሒሳብ ነው፤ የሕዝብ አደራ የተሰጣቸው ሹማምንት ስለሚጠየቁበት ሒሳብ። ግብር የሚሰበስብ ሹም ራሱ ሲበድል ማን ይጠይቀዋል? ሲጠየቅስ ትንሹም ትልቁም እኩል ይጠየቃል?

ባለታሪኩ ሙስሊም አልነበሩም። ነገር ግን ሕይወታቸው ይህን ጥያቄ አጥርቶ ያሳያል፤ ዘመናቸውም የሀገራችን ሙስሊሞች ታሪክ የሚነካበት ዘመን ነው። ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚያልፍ ሰው ስማቸውን ሳይሰማ አይቀርም፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የተባለው ሰፈር የተሰየመው በእሳቸው ነው። ሙሉ ስማቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ መቻል ነው።

ከምርኮ እስከ ዳኝነት

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1840ዎቹ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በጨቦ ምድር ነው። ገና በወጣትነታቸው የሸዋ ጦር በአካባቢው ባደረገው ዘመቻ ተማርከው ወደ ንጉሥ ምኒልክ ግቢ ገቡ። በዚያ ዘመን ምርኮኛ ሆኖ መግባት ለብዙዎች የሕይወት መጨረሻ ነበር። ለእሳቸው ግን መጀመሪያ ሆነ።

ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ያም ሆኖ ነገር የማየት፣ ምስክር የመመርመርና ሙግት የመለየት ችሎታቸው በግቢው ሁሉ ታወቀ። ጸሐፊዎችና መሪጌቶች ያልፈቱትን ነገር እሳቸው ይፈቱታል ይባል ነበር። ምኒልክም በከባድ ፍርድና በመንግሥት ጉዳይ ምክራቸውን የሚጠይቁ ሆኑ። ስለ ዳኝነታቸው የሚነገሩ ትረካዎች ዛሬም በሸዋ ሽማግሌዎች አፍ ላይ አሉ። ትረካዎቹ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አባ መቻል የተንኮለኛን ሙግት ለይተው የሚያውቁ፣ ድሃ በፊታቸው ሲቆም የሚሰሙ ዳኛ ነበሩ።

ሹም በምን ይኖር ነበር?

የእሳቸውንም ሆነ የጓዶቻቸውን ሥልጣን ለመረዳት የዘመኑን የግብር ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። መንግሥት ለሹሙ የሚሰጠው መሬትና ገባር ነበር። ገባሩ እህል፣ ማርና ሌላም የምድሩን ፍሬ ለሹሙ ያገባል፤ ማሳውን ያርስለታል፣ አጥሩን ያጥርለታል፣ እህሉን ይፈጭለታል፣ ጓዙን ይሸከምለታል። ሹሙም ከዚያ ላይ ለበላዩ የሚያስገባው ተለይቶ ይታወቃል፤ ለራሱ የሚያስቀረው ግን በእሱ ኅሊና ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ሀገሪቱን መታ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ገበሬው ያለ በሬ ቀረ፣ ወታደሩ ግን ቀለቡን ከገበሬው ቤት እየገባ መውሰዱን አልተወም። ምኒልክ ይህን ለማስቀረት ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ ደነገጉ፤ አሥራት የተባለው ግብር ይህ ነው። የታሰበው ገበሬው አንድ ጊዜ ከፍሎ ከወታደር ምሪት እንዲያርፍ ነበር። በተግባር ግን አሥራቱን የሚገምተው ሰው እንደ ወደደ ሲገምት፣ ገበሬው አሥራቱንም የገባርነቱንም ሸክም በአንድ ላይ የሚሸከምበት ቦታ ብዙ ነበር።

ከጊንጪ በስተ ሰሜን ባለው በጄልዱ ደጋ፣ በጎጆ ዙሪያ፣ እንዲሁም እስከ አምቦና ከዚያ ወዲያ ድንችና ገብስ የሚያመርተው የዛሬ ገበሬ የአያቶቹ ታሪክ ከዚህ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። መሬቱ በቃላድ እየተለካ ከሦስት እጅ አንዱ ለባላባቱ ሲሶ ተብሎ ሲቀር የቀረው ወደ መንግሥትና ወደ ሹማምንቱ ይዞታ ይገባ ነበር። ጅባትና ሜጫ ይባል የነበረው የዚያ አካባቢ ግዛትም ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግዛቶች አንዱ ነበር። ስለዚህ አባ መቻል በአንድ በኩል ዳኛ፣ በሌላ በኩል ግብር የሚገባላቸው ጌታ ነበሩ። በገባርና በጌታ መካከል ሙግት ቢነሳ፣ ጉዳዩ ከፍ ብሎ ሊደርስ የሚችለው ከጌቶቹ ዘንድ ነበር።

በዚህ ላይ እጅ መንሻ የሚባል ልማድ ነበር። ባለጉዳይ ባዶ እጁን ወደ ሹም አይሄድም። ማሩን፣ በጉን፣ ብሩን ይዞ ይቀርባል። ሹሙም ይህን እንደ ክብር እንጂ እንደ ጉቦ አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ በሙስሊሙ ቤት የሚታወቅ አንድ ዘገባ መጥቀስ ይገባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ የሰበሰበውን በሁለት ከፍሎ አንዱን ለሕዝቡ አስረከበ፤ ሌላው ግን ለእሱ በስጦታ የተሰጠው መሆኑን ተናገረ። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ ሕዝቡን ሰብስበው አስተማሩ። ያ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደ ነበረ ጠየቁ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለሥልጣኑ የተሰጠው ነገር የሹሙ ሳይሆን የሕዝብ ነው። በአባ መቻል ዘመን የነበረው ልማድ በዚህ ሚዛን ቢመዘን እጁ ንጹሕ የሚሆን ሹም ጥቂት ነበር።

ከዐድዋ እስከ ሚኒስትርነት

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ ተካፍለዋል። የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ግንባር አዛዥ ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያ ጦርነት ሲወድቁ ማዕረጉ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ተላለፈ። በተከታዩ ዓመት ወደ ደቡብ ዘምተው ቦረናን ከምኒልክ ግዛት ጋር ቀላቀሉ። ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪ ሲባል ሰው ሁሉ እሳቸውን የሚያስብ ሆነ።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት አቋቋሙ። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ለገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለጦር ተሾሙ። ስሙ አዲስ ነበር፤ የሚኒስትሮቹ መተዳደሪያ ግን አሮጌው ነበር። ሚኒስትሩ እንደ ጥንቱ ከመሬቱና ከገባሩ የሚኖር ሹም ሆኖ ቀጠለ። የመንግሥት ገንዘብና የሹሙ ገንዘብ የሚለዩበት መስመር በሚገባ አልተሰመረም።

ምኒልክ ታመው ከሥራ ሲርቁ የሀገሩ ሥልጣን በመሳፍንቱ እጅ ወደቀ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ያደረጉት የሸዋ መኳንንት ሲሆኑ ሀብተ ጊዮርጊስም ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ቀጥሎ የመጣው የልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ልጅ ኢያሱ ከሙስሊም መሪዎችና ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር የነበራቸው ቅርበት፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ እየሄዱ መቀመጣቸው፣ በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ትልቅ ወንጀል ተቆጠረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ከሥልጣን ወረዱ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ሲዘምቱ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በመልእክት እያዘናጉ ጊዜ ገዙ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነትም ድል የሸዋ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሀገሪቱን የሚያስተዳድሩት ንግሥቲቱ፣ አልጋ ወራሹና ፊታውራሪው ሆኑ። ስለ ኢያሱ ሃይማኖት ለመጠየቅ ሳምንታት የበቁት መኳንንት፣ ስለ ራሳቸው ግብርና ሀብት የሚጠይቃቸው አልነበረም። የሚጠይቃቸው ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቁም ነበር።

የ1910 ዓ.ም. ሹም ሽር

ጥያቄው የመጣው ከታች፣ ከመሐል ሰፋሪው ነው። መሐል ሰፋሪ የሚባለው በመዲናዋ የሚኖረው የቤተ መንግሥቱ ወታደር ነበር። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. እነዚህ ወታደሮች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹን ከሰሱ። ክሳቸው ሹማምንቱ ሀገሩን ትተው ራሳቸውን አበልጽገዋል፣ ፍርድ አጓድለዋል፣ ሕዝብ በድለዋል የሚል ነበር። ጥያቄያቸውም ሚኒስትሮቹ በሙሉ እንዲነሱ ነበር።

በሀገራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አልታየም። ተራ ወታደር ሚኒስትር ይውረድ ብሎ በግልጽ ጠይቆ ተሰማ። ንግሥቲቱና አልጋ ወራሹ ጥያቄውን ተቀበሉ፤ ሚኒስትሮቹም ከሥልጣናቸው ተነሱ።

አንድ ሰው ግን ቀረ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሥልጣናቸው አልተነሱም።

ለምን? በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ሁለት ምክንያት ሊታሰብ ይችላል። የመጀመሪያው ስማቸው ነው። ወታደሩ ከሌሎቹ ይልቅ አባ መቻልን ያከብራል፤ ዳኝነታቸውን ያውቃል፤ በሰገሌ መርተውታል። ሁለተኛው ኃይላቸው ነው። በግዛቶቻቸው ሁሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የራሳቸው ጦር ነበራቸው። ይህን ጦር የያዘ ሰው ውረድ ቢባል እሺ ላይል ይችላል፤ እሺ ቢልም የሚተካው አይገኝም። የትኛው ምክንያት ይበልጣል ብሎ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ስማቸው ንጹሕ ስለ ነበረ ከቀሩ፣ ያ ንጽሕና መጀመሪያ መመርመር ነበረበት። ሒሳባቸው ግን አልተመረመረም። ከሌሎቹም ሚኒስትሮች የሚበዙት የተነሱት ተመርምረው ሳይሆን በጅምላ ነው። ስለዚህ የተነሳው በደለኛ ይሁን አይሁን፣ የቀረውም ንጹሕ ይሁን አይሁን ሕዝቡ በማስረጃ አላወቀም። ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብርቱው እንዳልተነካ።

ይህ ዓይነቱ ነገር ማኅበረሰብን እንደሚያጠፋ ሙስሊሙ ከሐዲስ ያውቃል። ከቁረይሽ ክቡር ቤተሰብ፣ ከበኒ መኽዙም የሆነች ሴት በስርቆት ተይዛ፣ ዘመዶቿ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን አማላጅ አድርገው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላኩት። ነቢዩ ምልጃውን በጽኑ ተቃወሙ። ከዚያ በፊት የነበሩ ሕዝቦች የጠፉት ክቡሩ ሲሰርቅ እየተዉት፣ ደካማው ሲሰርቅ ግን እየቀጡት እንደ ነበረ አስተማሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ እንኳ ብትሆን ፍርዱ እንደማይለወጥ ተናገሩ።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ.) ይህንኑ ሥራ ላይ አውለውታል። የታሪክ ጸሐፍት እንደዘገቡት ገዢ ሲሾሙ አስቀድመው ሀብቱን ይመዘግቡ ነበር። በኋላ ከሥልጣኑ ገቢ ጋር የማይመጣጠን ሀብት ከተገኘበት ትርፉን ለሕዝብ ግምጃ ቤት ይወስዱ ነበር። ግብፅን የከፈቱትን ዐምር ኢብኑል ዓስን እንኳ አልተዉም፤ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ልከው ሀብታቸውን እንዲከፍሉ አደረጉ። ዐምር በዘመናቸው ከብርቱዎቹ ሁሉ ብርቱ ነበሩ። ዑመር ብርቱ መሆናቸውን ለመመርመር ምክንያት አደረጉት እንጂ ለመተው አላደረጉትም።

የማይጠየቅ ሰው መጨረሻ

ከሹም ሽሩ በኋላ ፊታውራሪው ስምንት ዓመት ያህል በሥልጣን ላይ ቆዩ። ወደ አዲስ ነገር ከሚያዘነብሉት ከአልጋ ወራሹ ጋር በብዙ ጉዳይ የማይስማሙ የአሮጌው ሥርዓት ዐምድ ሆኑ። ይህም ሆኖ ሀገር እንዳትበጠበጥ ሚዛን ጠብቀው ማቆየታቸውን ተቺዎቻቸውም አይክዱም። አልጋ ወራሹ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ረጅም ጉዞ ሲያደርጉም እሳቸው በመዲናዋ ነበሩ።

በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን ነበር ያረፉት። ራስ ተፈሪም ጊዜ አላጠፉም፤ የፊታውራሪውን ጦር፣ ግዛትና ሰፊ ይዞታ በእጃቸው አደረጉ። ሀብቱ ከገባሩ እንዴት እንደ ተሰበሰበ የጠየቀ፣ ለገባሩ የሚመለስ ይኖር እንደሆነ የመረመረ አልነበረም። ከአንድ ብርቱ ወደ ሌላ ብርቱ ተላለፈ፤ ገባሩ ያው ገባር ሆኖ ቀረ።

የሒሳብ ጥያቄ ወዲያው ሌላ ሰው ላይ ተነሳ። የቡና ሀገር የሆነውን ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ ወደ መንግሥት የሚያስገቡት ገቢ ከግዛታቸው ሀብት ጋር አይመጣጠንም ተብለው በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። ብዙ ጦር አስከትለው ቢመጡም ጦራቸው በዘዴ ተበትኖባቸው ሥልጣናቸውን አጡ። ጥያቄው በራሱ ትክክል ነበር፤ የግብር ገንዘብ የሕዝብ ነውና። ነገር ግን ባልቻ ለዓመታት ሲገዙ ያልተጠየቁት ጥያቄ የተጠየቀው የአሮጌው መኳንንት ጋሻ የነበሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ከሞቱ በኋላ ነው። ያኔም ሒሳቡ የተነሳው ኃይል ስለ ተለወጠ እንጂ ሕግ ስለ ጸና አልነበረም።

ገባሩ ግን ገና ብዙ ዘመን ጠበቀ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለም ጠፍ ለሆነው 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ወሰነ። ይህ ለገበሬው ግልጽ ልክ ነበር። ሪስተ ጉልት ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ግን ከገበሬው የሚሰበሰበውን ግብር ለራሳቸው የሚያስቀሩበት ልዩ መብት እስከ 1958 ዓ.ም. ቀጠለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በፓርላማ ወንበር የነበሩ ባለ መሬቶች አጥብቀው ተከራከሩት። ግብር የሚደነግገው ሰው ራሱ ግብሩ የሚነካው ባለ መሬት ነበርና። ባለ መሬትነቱ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ዘለቀ።

ለእኛ የቀረው

ዛሬ በጎጆ ከተማ ሱቅ ያለው ነጋዴ በየዓመቱ ግብሩን ይከፍላል። ካልከፈለ ቅጣት አለው። ይህ ተገቢ ነው። ሹማምንትም ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 668/2002 በሥራ ላይ ነው፤ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአባ መቻል ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ሕግ የሚለካው በወረቀቱ አይደለም። የሚለካው ትንሹን ነጋዴ በሚይዝበት እጅ ትልቁንም ሹም ሲይዝ ነው። ሥልጣን ያጣው ሲመረመር ሥልጣን ላይ ያለው የሚታለፍ ከሆነ፣ የ1910 ዓ.ም. ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

የዘካ ሚዛን ይህን ለልጆች ለማስተማር ይመቻል። 85 ግራም ወርቅ ወይም ተመጣጣኙን ዓመት ሙሉ የያዘ ሰው ሁሉ 2.5 በመቶ ያወጣል። ሚኒስትር ነው ተብሎ አይቀነስለትም፤ ስም የለውም ተብሎ አይጨመርበትም። ልጅ ይህን ሲማር ሚዛን ማለት ምን እንደሆነ ይማራል።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን መውቀስ ብቻም፣ ማወደስ ብቻም ታሪካቸውን ያሳንሰዋል። ከምርኮ ተነስተው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ በአስተዋይነታቸው ብቻ ሀገር የሚያምናቸው ዳኛ ሆኑ። በሚገባ ፈረዱ ይባልላቸዋል፤ ይህን ክብር ማንም አይነፍጋቸውም። ነገር ግን ለብዙዎች የፈረዱት ሰው ራሳቸው በፍርድ ፊት አልቆሙም። ቆመው ቢሆን ምናልባት ነጻ ይወጡ ነበር፤ ያን ጊዜ የቀሩት በጦራቸው ሳይሆን በእውነታቸው ነው ብለን በሙሉ አፍ እንናገር ነበር። ያልተመረመረ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናው አይታወቅለትም፤ ጉዳቱ ለእሱም ነው።

አላህ ሥልጣን የተሰጣቸውን አደራ ጠባቂ ያድርጋቸው፤ ጾማችንንም ይቀበለን። መልካም የረመዳን ወር።